የጌታሁን ደምና የለተ ሚካኤል ውሻ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጥላው ሳይሸሽብን ተቀመጡ። አንቺም ልጄ ቆመሽ አትስሚኝ፤ ቆመው የሰሙት ወሬ መንገድ ላይ ይበተናል። የምነግራችሁ የጥል ነገር ነው። ውሻ አለበት፣ ደም አለበት፣ የሾለ ምላስ አለበት። ፍቅር ከፈለጋችሁ ጥቂት ነው፤ እሱንም ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ካለፈ ወዲህ ነው፤ ባጃጅ ቆቦ ከተማ ውስጥ እንደ አንበጣ መፍላት የጀመረበት ጊዜ። ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ዞብል ተራራ በኩል ገባ ባለ አንድ መንደር የሻረግ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ዋጃ ተወልዳ እዚህ ያገባች ናት። ባሏ ጌታሁን ሞቶባታል፤ ልጅም አልወለደችም። ያላት አንድ ማሳ ማሽላና አንድ ምላስ ነው። ምላሷን ማንም አይሻማትም ነበር፤ ማሳውን ግን የሚሻማ ብዙ ነው።

ጌታሁን እንዴት ሞተ አትሉኝም? በክረምት ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ወደ ማሳችን እናስገባለን፤ ያ የአባቶቻችን ሥራ ነው። ጎርፍ ደግሞ የሁሉም ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ያጣላል። አንድ ክረምት ጌታሁን ውሃ ሲያዞር በጥይት ተመታ። የደምሴ ልጅ ነው የመታው ይላል አገሩ። ልጁ ወዲያው ወደ አፋር በረሃ ተሻገረ። አባቱ ደምሴ ግን፣ "ልጄ ግመል ሊነግድ ሄደ እንጂ ማንንም አልገደለም፤ በእኛና በእነሱ መካከል ደም የለም" ብሎ ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ያየ ሰው ሞልቶ የሚመሰክር ጠፋ። ካሳ የለ፣ እርቅ የለ። ሁለቱ ቤት እህል ውሃ አይቀማመሱም፤ በአንድ መንገድ ቢገናኙ አንዱ ወደ ጫካ ይወርዳል።

የጌታሁን ታላቅ ወንድም አባይ ይባላል። ከደምሴ አፍ አንዲት ቃል ነበር የሚጠብቀው፤ "ገድለናል" የምትል። ገድለናል ካለ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ደም ይደርቃል። ቃሏን ሲጠብቅ ሆዱ እንደ ኮምጣጤ ማሰሮ ሆነ። በደምሴ ያልተወጣውን ቁጣ በቤተሰቡ ይወጣው ጀመር፤ በተለይ በየሻረግ።

በዚያ ዓመት ማሽላው ጥሩ ይዟል። ጅጉርቲ የምንለው የማሽላ ዘር ራሱን አቀርቅሯል። ከርከሮም ይህን ያውቃል። የባሏ ዘመዶች ማማ ላይ ተራ ወጥተው ሊጠብቁላት ቃል ገብተው ነበር፤ ተራው ሲደርስ ግን አንዱ ሠርግ አለበት፣ አንዱን ሆዱን ያመዋል። ከርከሮው ብቻ ነው ተራውን የማያልፈው። ጠዋት ጠዋት የተሰበረ አገዳ ስትለቅም ሰነበተችና አንድ የገበያ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ቆቦ ወረደች። ውሻ ልታመጣ።

ቆቦ ውስጥ ለተ ሚካኤል የምትባል ሴት ነበረች። ወላጆቿ ከትግራይ ወርደው የከተሙ እህል ነጋዴዎች ናቸው። እነሱ ሲያልፉ የእህሉን ግቢ የውሻ መጠለያ አደረገችው። መኪና የገጨውን፣ ባለቤት የጣለውን፣ ከመርዝ የተረፈውን ትሰበስባለች። ከተማው "እህል ባለበት ውሻ አስገባች" እያለ ይስቅባታል። እሷም መልሳ አታጣም፤ "ውሻው ሚዛን አይሰርቅም" ትላለች።

የሻረግ በሩን ስታንኳኳ ለተ ሚካኤል በቀዳዳ አየቻት።

"ምን ፈለግሽ?"

"ውሻ።"

"ለምን?"

"ልድራት! ለጥበቃ ነው እንጂ ለምን ይሆናል? ከርከሮ ማሽላዬን ጨረሰው።"

"ምን ታበያታለሽ?"

"እኔ የምበላውን።"

"በዱላ ትመቻታለሽ?"

"ብመታትስ ምን አገባሽ?"

"ያገባኛል። እኔ በማደጎ ነው የምሰጠው። ካስራብሻት ወይ ከመታሻት መጥቼ እወስዳታለሁ።"

የሻረግ ከልቧ ሳቀች። "ውሻ በማደጎ! ኧረ አደይ፣ እኔን ሲድሩኝ እንኳ ባሌን ይህን ያህል አልጠየቁትም።"

"ለዚህ ነዋ የስንቱ ጎጆ የሚፈርሰው" አለችና ለተ ሚካኤል በሩን ከፈተች።

ውሾቹ ተንጫጩ፤ እላይዋ ላይ ሊወጡ ተሻሙ። አንዲት ቡላ ውሻ ብቻ ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች።

"ያቺስ?"

"እሷን ተያት። ሰው አትወድም።"

"እኔም አልወድም" አለች የሻረግ። "ጆሮዋን ምን ነካው?"

የውሻዋ የግራ ጆሮ ጫፍ የለም። "የእኛ ምልክት ነው" አለቻት ለተ ሚካኤል። "የከብት ሐኪሙ መጥቶ ሲከትባቸውና ሲያኮላሻቸው ጫፉን ይቆርጠዋል፤ አንዴ የተከተበው ሁለተኛ እንዳይያዝ። እያቸው፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው።"

የሻረግ አየች፤ ሁሉም እንዲያ ናቸው። ሌላ ነገር ወደ ልቧ አልመጣም። በገመድ አስራ ይዛት ወጣች። መንገድ ላይ ስም አወጣችላት። በእኛ አገር ሰው ለጎረቤቱ በአፉ የማይለውን በውሻው ስም ይለዋል፤ የሻረግም "ምናገባችሁ" አለቻት። "ምናገባችሁ! ነይ!" እያለች መንደሩን በመሐል ለመሐል ሰንጥቃ ገባች። ሰላምታ ያልሰጧት ሁሉ ስሙን በደንብ ሰሙት።

አሁን ልብ በሉልኝ። እኛ ቆላዎቹ ፍየልና በግ የምንለየው በጆሮ ነው። አንዱ ቤት ይሰነጥቃል፣ አንዱ ይበሳል፣ አንዱ ከሥር ይነድላል። ወንዶቹ የየቤቱን ምልክት እንደ ሰው ፊት ያውቁታል። የደምሴ ቤት ምልክት ደግሞ የግራ ጆሮ ጫፍ መቁረጥ ነው። የሻረግ ዋጃ ያደገች ናት፤ የደምሴ ከብት ደግሞ በደጇ አልፎ አያውቅም፤ ከየት ታውቀው? ሌላም ልማድ አለ። ደም ሲታረቅ የገዳዩ ወገን ምልክቱ ያለበትን ከብት በሟች ደጅ ያስገባል። ከብቱ ደጁን ካለፈና የሟች ሰው ዝም ካለ፣ ካሳው ተበላ፣ ደሙ ደረቀ ማለት ነው። ውሻ ላይ ደግሞ ምልክት የሚያደርግ ሰው በአገራችን ተሰምቶ አይታወቅም። ነገሩን ያከፋው ይኸው ነው። ለውሻ ምልክት ከተደረገ፣ ሆን ተብሎ ለስድብ የተደረገ ነው።

አባይ ውሻዋን ባየ ጊዜ እግሩ መሬት አልነካም። ሁለት የአጎቱን ልጆች አስከትሎ ከየሻረግ አጥር ሥር ቆመ።

"የሻረግ!"

"አቤት አያ አባይ፤ ግባ እንጂ።"

"አልገባም። ይቺን ከየት አመጣሻት?"

"ከቆቦ።"

"ጆሮዋን ማን ቆረጠው?"

"የከብት ሐኪም።"

"ሐኪም!" አባይ ወደ ዘመዶቹ ዞረ። "ሰማችሁ? እኛ ወባ ሲጥለን ሐኪም እናጣለን፤ ለሷ የውሻ ጆሮ የሚቆርጥ ሐኪም ተገኘላት! የደምሴ ምልክት ነው ይሄ። የወንድሜን ደም በውሻ ሸጥሽው!"

የሻረግ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። "አያ አባይ፣ አፍህን ሰብስብ። የባሌን ደም ብሸጠው ዋጋውን በመንደሩ መሐል እየጎተትኩ አስገባ ነበር? ለተ ሚካኤልን ሂድና ጠይቃት። ግቢዋ ያለው ሁሉ ጆሮው እንዲህ ነው።"

"ከደምሴ ጋር የመከረች ናታ!"

"አዬ! እናንተ ማማዬ ላይ ብትወጡልኝ እኔ ውሻ ፍለጋ እወርድ ነበር?"

ይህቺ ነካችው። እውነት የነካው ሰው ደግሞ ከተወጋ ይብሳል። "ስሚኝ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እስከ እሑድ ከደምሴ ጋር የምንዋሰንበት ድንበር ላይ ተወስዳ፣ የደምሴ ሰዎች እያዩ ትገደላለች። አለዚያ ለአጨዳ ከኛ ወገን አንድ እግር ማሳሽን አይረግጥም። ካጨዳው በኋላ ደግሞ ከወንድሜ መሬት ትወጫለሽ። ልጅ የለሽ፣ ምን ይይዝሻል?"

የሻረግ ገመዱን በእጇ ጠቀለለችው። "እሷን የሚገድል በእኔ ላይ ተራምዶ ነው። አንተ ደግሞ ለመራመድ ትንሽ አርጅተሃል።"

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ከፋባት። የውሃ ቦኖው ጋ ስትደርስ ወሬው ይቆማል፤ ጀርባዋን ስትሰጥ ይቀጥላል። "ልጅ አልሆንላት ቢል ውሻ በማደጎ አመጣች" ይላሉ። አጥሯን አልፎ ድንጋይ ይገባል። ምናገባችሁም ድንጋዩን እያሸተተች ተመልሳ ትተኛለች፤ ብዙ ድንጋይ አይታለች መሰለኝ።

ያልራቀቻት አንዲት ጎረቤቷ ሀስና ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ከበሩ አታልፍም።

"ወላሂ የሻረግ፣ ውሻሽን አልወዳትም። ምራቋ ዕቃዬን ቢነካ በአፈር ፈትጌ የማጥበው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"አንቺን ማን ሊያናግርሽ ነው? ብቻሽን ስታጉረመርሚ ይሰማኛል፤ ለጆሮዬ ብዬ ነው።"

ይህ ሁሉ ሳያንስ ወሬው ደምሴ ዘንድ ደረሰ። ደምሴ ሰው ሲቆስል እንጨት የሚጨምር ሽማግሌ ነበር። ስለ ውሻዋ ምንም አያውቅም፤ ግን የእሱ ምልክት ነው መባሉን ሲሰማ ጣመው። ገበያ መሐል፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አባይን ከሩቅ ጠራው።

"አባይ! ካሳችን እንዴት ናት? እህል ትበላለች? ወንድምህን የምታህል መርጠን ነው የሰደድንልህ!"

አባይ ካራውን መዘዘ። ሰው ተረባርቦ ያዘው እንጂ ያን ቀን ሁለተኛ ሬሳ ይወጣ ነበር። የአባይ ወገን በዚህ በኩል፣ የደምሴ ወገን በዚያ በኩል ጠመንጃውን ከተሰቀለበት ማውረድ ጀመረ። ያኔ ዘወልድ የሚባሉት የደም አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን ገቡበት። ዋናው ሼህ ረዲ ነበሩ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው። "ሁላችሁም ሾላው ሥር" አሉ። "ውሻዋም ትምጣ።"

በቀጠሮው ቀን አንዱ ወገን በፀሐይ መውጫ፣ አንዱ በመግቢያ ተቀመጠ። የሻረግ መሐል ላይ ውሻዋን ይዛ ቆመች። ለተ ሚካኤል ወሬው ደርሷት በባጃጅ መጥታለች፤ ጥላዋን ዘርግታ ከዳር ቆማለች። ወንዶቹ ግን ጥላዋን እያዩ ከመሳቅ በቀር የሚጠይቃት አልነበረም።

ሼህ ረዲ ጀመሩ። "ደምሴ፣ ውሻዋ ያንተ ናት?"

"ምልክቱ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል።"

"አገርን አልጠየቅሁም።"

ደምሴ ወገኖቹን አየ። ገበያ መሐል የተናገረውን ሰው ፊት መብላት አልፈለገም። "የእኛ ናት!" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። "ሰጥተናል፣ ተቀብላለች። ደሙ ደርቋል!"

የእሱ ወገን አሽካካ። ሼህ ረዲ አልሳቁም። መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"የማን ደም ነው የደረቀው?"

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ። ደምሴ እስከዚያች ቀን ድረስ "ደም የለም፣ ልጄ አልገደለም" ሲል የኖረ ሰው ነው። ካሳ ከሰጠ ገድሏል። ካልገደለ የምን ካሳ?

"ያው... የሚባለው ደም ነዋ" አለ።

"አሁን ያልከው አንተ ነህ።"

"እኔ... ተቀብላ እንደሆነ ነው ያልኩት።"

"እንግዲያው ነገሩ ተቀባይዋ አፍ ላይ ነው" አሉ ሼህ ረዲ፣ ወደ የሻረግ ዞረው። "ልጄ፣ በሟች ባልሽ ስም ትናገሪያለሽ። ይቺን ውሻ ከማን እጅ ተቀበልሽ?"

አባይ ተነሥቶ ከኋላዋ ደረሰ። ትንፋሹ ጆሮዋን ነካው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ለስልሶ አናግሯት አያውቅም።

"እታለም፣ ከደምሴ እጅ በይ። አንዲት ቃል። ገዳይነቱን በገዛ አፉ አምኗል፤ አንቺ ካጸናሽው ማምለጫ የለውም። ውሻዋም ትኑርልሽ፣ ማሳውም ያንቺ ነው፣ አጨዳውም በእኛ። አንዲት ቃል፣ እታለም።"

የሻረግ ቆመች። አትቸኩሉባት ልጆቼ፤ እሷም አልቸኮለችም። ደምሴን አየችው፤ ግንባሩ አልቦ ነበር። ልጁ ባሏን እንደ ገደለ እሷም ታውቃለች፣ ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ ያውቃል። አንዲት ውሸት ብትናገር እውነቱ ይወጣላት ነበር። ማሽላዋ ይታጨድ ነበር። ቦኖው ጋ ሰላም የሚላት ሰው ታገኝ ነበር። ግን ደግሞ በባሏ ስም የተባለ ነገር አይመለስም። የጌታሁን ካሳ ምን ነበር ሲባል፣ ያልተወለደውም ሁሉ ውሻ ነበር ሊል ነው፤ ያንንም ያለችው ሚስቱ ልትሆን ነው።

"ደምሴ ውሸታም ነው" አለች፣ እስከ ዳር እንዲሰማ። "ልጁም ገዳይ ነው። ይቺን ውሻ ግን እሱ አልሰጠኝም። ቆቦ፣ ያቺ ጥላ ይዛ ከቆመችው ከአደይ ለተ ሚካኤል ግቢ፣ በማደጎ፣ በገዛ እጄ ወሰድኳት። ጆሮዋን የቆረጠው የከብት ሐኪም ነው። የባሌ ካሳ ገና አልመጣም። ሲመጣ ገዳዩ 'ገደልኩ' ብሎ ቆሞ ነው የሚመጣው እንጂ፣ እንዲህ ሾልኮ ደጄን አያልፍም።"

ያን ጊዜ ለተ ሚካኤልን ጠየቋት። እሷም አንድ በአንድ ተናገረች፤ "ካላመናችሁ ኑና ግቢዬን እዩ፤ ጫፉ ያልተቆረጠ ብታገኙ እኔን ቁረጡኝ" አለች። ሼህ ረዲ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሻዋ የደምሴ እንዳልሆነች፣ ካሳም እንዳልሆነች፣ ማንም እንዳይነካት ተፈረደ። በየሻረግ ማሳም፣ በመበለትነቷ እስካለች ድረስ፣ እጁን የሚያስገባ የዘወልድን ቃል የጣሰ ይሁን ተባለ።

ደምሴ ልብሱን አራግፎ ተነሣ። ላቡ ደርቋል። "በቃ! አልሰጠንም፣ አልተቀበለችም። ደም የለም ማለት ነው። ድሮም ብለን ነበር" አለና እየሳቀ ሄደ።

አባይ አልሳቀም፣ አልጮኸም። እሷ ፊት ቆሞ እግሯ ሥር ተፋ። "ከአፉ ያወጣነውን ቃል መልሰሽ አጎረስሽው" አለ። "ዛሬ ወንድሜን ሁለተኛ ቀበርሽው።"

"አልቀበርኩትም፤ በውሻ እንዳይረክስ አደረግሁ እንጂ" አለችው። መልሷን ለመስማት አልቆመም።

አጨዳ ደረሰ። አንድም ሰው አልመጣም። ሌላው ማሳ ላይ ደቦው ይጨፍራል፣ ጠላው ይቀዳል፤ የየሻረግ ማሽላ ግን ቆሞ ቀረ። ምናገባችሁ ከርከሮውን አባራ ያዳነችው እህል ወፍ ሊበላው ሆነ። ሀስና ማጭዷን ይዛ መጣች፤ "ውሻዋን ወዲያ አስሪልኝ፣ እኔ ወዲህ አጭዳለሁ" ብላ ገባች። ሁለት ሴት ለዚያ ማሳ ምን ይበቃል? ወገባቸው ተቆረጠ፤ ማሽላው አላለቀም።

አንድ ጠዋት ውሻዋ ጮኸች። አባይ ነው። ብቻውን ነው፤ ከማሳው ዳር ማጭድ ይዞ ቆሟል።

"ውሻሽን ያዢ።"

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ካንቺ ምንም አልፈልግም። የወንድሜ ዘር ቆሞ ሲበሰብስ እያየሁ እህል አልወርድልህ አለኝ።"

"ማሽላውን የዘራሁት እኔ ነኝ።"

"ዘሩ የእሱ ነው።"

የሻረግ ውሻዋን ወደ ማማው ሥር ሳበቻት። "እጨድ ካሰኘህ እጨድ። ጠላ ግን የለኝም።"

"ብትሰጪኝም አልጠጣም።"

ከዚያኛው ጫፍ ገባ። እሷ ከዚህኛው ቀጠለች። ቀኑን ሙሉ አልተነጋገሩም። ሀስና መሐል ላይ ሆና አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ እያየች "ያረቢ፣ ሁለት ግድግዳ መሐል ያስገባኸኝ ምን አጥፍቼ ነው?" ትላለች። ማታ አባይ የመጨረሻውን ነዶ ከሌላው ላይ ቀስ አድርጎ አጋደመና፣ ቸር እደሪ ሳይል ሄደ። በማግሥቱም መጣ። በማግሥቱም ሰላም አላለም።

ታረቁ ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። የደምሴ ልጅ ከበረሃ አልተመለሰም፤ አባይም ለየሻረግ ሰላምታ ሳይሰጥ ነው ያረጀው። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ዓመት ማሽላዋ ቆሞ አልቀረም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ፀሐይዋ መጣችብን፣ ተነሡ። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙልኝ። ሾላው ሥር ያ ሁሉ ወንድ ተቀምጦ ሳለ፣ የሚጠቅማትን ውሸት ጆሮዋ ሥር እያቀበሏት፣ የሚጎዳትን እውነት የተናገረች አንዲት ሴት ነበረች። የሻረግ ትባላለች። እባካችሁ አስታውሱልኝ።